ሁለት ንግሥ በደረስጌ

ቤተ ክርስቲያን የሚለው ቃል በሊቃውንት ትርጓሜ ሦስት ወገን አለው። አንደኛው በድንጋይና በእንጨት የሚታነጸው ሕንፃ ነው፤ ሁለተኛው የምእመናን ማኅበር ነው፤ ሦስተኛውም እያንዳንዱ ክርስቲያን ራሱ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ግን ብዙ ጊዜ በፊተኛው ላይ ይቆማል። ማን አሠራው፣ ማን ነገሠበት ብሎ ይጠይቃል እንጂ ማን ጠበቀው ብሎ አይጠይቅም። ይህም ሰሙን ይዞ ወርቁን እንደ መተው ነው። በሰሜን የምትገኘው የደረስጌ ማርያም ታሪክ ግን ይህን የተተወ ጥያቄ ያስነሣል።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ቢመልስ የሰሜን ተራሮች ይገጥሙታል። ደረስጌ ከእነዚህ ተራሮች ወዲያ፣ በጃናሞራ፣ በመካነ ብርሃን አቅራቢያ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ቁሩ የጸና፣ እህሉም ይልቁን ገብስ ነው። በዘመነ መሳፍንት ይህን አገር ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከአባታቸው ወርሰው፣ ኋላም ትግራይን ጨምረው ይገዙ ነበር። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩ እርሳቸው ናቸው። ቪልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅም በሥራው እንደ ረዳቸው ይታወቃል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ክብ ናት፤ ግድግዳዋም በሥዕል ያጌጠ ነው። ውቤ ይህን ሁሉ ያሰናዱት የራሳቸው ሥርዓተ ንግሥ በዚያ እንዲፈጸም ነው ይባላል።

ነገር ግን ሰው ያሰናዳል፤ እግዚአብሔር ይፈጽማል። በ1847 ዓመተ ምሕረት በየካቲት ወር የቋራው ካሣ ኃይሉ በደረስጌ አጠገብ ውቤን ድል አድርገው ማረኳቸው። ጥቂት ቀን ሳይቆይ አቡነ ሰላማ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ካሣን ቀብተው፣ ስመ መንግሥታቸውን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ብለው አነገሡ። እኒያን አቡን መልእክተኞች ልከው ከግብጽ ያስመጡ ደግሞ ውቤ ራሳቸው ነበሩ። ስለዚህ አንዱ ባሠሩት ቤት፣ ባስመጡትም ጳጳስ እጅ፣ ሌላው ዘውድ ደፉ።

ከዚህ በኋላ የሁለቱም ቤት ብዙ አልቆየም። ውቤ በእስር ሳሉ ዐረፉ። ልጃቸው እቴጌ ጥሩወርቅ የአባታቸውን ማራኪ አግብተው ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሞቱ፤ እቴጌይቱም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በትግራይ ዐረፉ። ልጁን የእንግሊዝ ጦር ይዞት ሄደ። በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። አያቱ ያን የመሰለ ደብር አሠርተው ሳለ፣ የልጅ ልጃቸው በአገሩ ካህናት ሳይፈታ፣ የአገሩን አፈር ሳይለብስ ቀረ።

እንግዲህ ያሠራውም የነገሠባትም ቤት ካለፈ፣ ደረስጌ እስከ ዛሬ በማን ቆመች? በአጥቢያዋ ነው። በሰሜን አገር አጥቢያ ማለት ደወል የሚሰማ ሰፈር ብቻ አይደለም። ሕፃን የሚጠመቅበት፣ ሙት የሚፈታበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት አንድ ቤት ነው። በየወሩ በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን ማኅበርተኛው በተራው ጠላውንና ዳቦውን ያቀርባል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ይቀርባል፤ ከዚያም ድኻውና የቆሎ ተማሪው ይቀምሳሉ። ክዳን ሲያፈስ፣ ቅጥር ሲፈርስ፣ ድንጋዩን የሚሸከም ይኸው ጽዋ የሚጠጣው ሰው ነው።

በዚያው በውቤ ዘመን ከሮማ የመጣው የካቶሊክ መልእክተኛ፣ በአገራችን ስሙ አቡነ ያዕቆብ የተባለው ዩስቲኖ ደ ያቆቢስ፣ ውቤን ተጠግቶ ያስተምር ነበር። በሃይማኖት ነገር በእርሱና በአባቶች መካከል የነበረው ክርክር የታወቀ ነው። ሆኖም ታሪኩ ለዚህ ነገር ምስክር ይሆናል። የውቤ ጥላ ሲያልፍ መጠጊያው አለፈ፤ እርሱም ተሰዶ በ1852 ዓ.ም. ሞተ። በኢሮብ አገር በዓሊቴና የቀሩት ተከታዮቹ ግን መኰንን ሳይሆን ምእመን ይዟቸው አጥቢያቸው እስከ ዛሬ አለ። በሁለቱም ወገን የጸናው የገዢ ሞገስ አይደለም፤ የሰፈር ሰው ኅብረት ነው።

ይህ ኅብረት ዳግመኛ የተፈተነው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲሆን፣ ካህናት ያገለገሉበት የሰሞን መሬት ቀረ። ከዚያ አስቀድሞ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ታውጆ፣ ካህናትና ምእመናን በአንድነት የሚመክሩበት ሰበካ ጉባኤ እንዲቆም ተደንግጎ ነበር። ስለዚህ መሬቱ ሲሄድ ሸክሙ በምእመኑ ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ምእመኑም ተሸከመው። ነገር ግን ይህ ሸክም በውርስ የሚገኝ አይደለም፤ ትውልድ ሁሉ በተራው ሊያነሣው ይገባል። ጎልማሳው ለሥራና ለትምህርት ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር ሲወርድ የጽዋውን ተራ ካልተቀበለ፣ ሽማግሌው ጽዋውን ለማን ያስተላልፋል? ያን ጊዜ ሥዕሉ ቢያምር፣ ቅጥሩም ቢጸና፣ ቤቱ ወና ነው።

ታቦት ወጥቶ የሚከብርበትን በዓል ሕዝባችን ንግሥ ይለዋል፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በደረስጌ የንጉሥ ንግሥ አንድ ቀን ሆኖ አለፈ፤ ዘውዱም ዐሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ቆየ። የእመቤታችን በዓላት ግን በኅዳር 21 የጽዮን፣ በጥር 21 የአስተርእዮ፣ በግንቦት 1 የልደታ፣ በነሐሴ 16 የፍልሰታ፣ በየዓመቱ ይመለሳሉ። ለእነዚህ በዓላት ገብሱን የሚያበቅል፣ ጠላውን የሚጠምቅ፣ ከበሮውን የሚመታ፣ ልጁንም እጁን ይዞ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው እስካለ ድረስ ደረስጌ ጠባቂ አላት። አምላክ የአጥቢያውን ኅብረት ያጽና፤ ጽዋውንም ከልጅ ወደ ልጅ ያሻግር፤ አሜን።