የሳል ሽሮፕና የማሟሚያው ፈሳሽ ታሪክ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሚገሥጸው ታማሚውን ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ራሱ የደበቀው ነገር ያለው እንደሆነ ተግሣጹ ለማን ይሆናል? ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠውን አክታ የሚያስወጣ የሳል ሽሮፕ በሚመለከት ይህ ጥያቄ ከባድ ታሪክ አለው።

ማንኛውም ሽሮፕ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ፈዋሹ ኬሚካል ነው። በዛሬው ጊዜ በአክታ ማስወጫ ሽሮፖች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ጓይፈኔሲን የተባለው ሲሆን፣ ተግባሩም አክታን አቅጥኖ በቀላሉ እንዲወጣ ማገዝ ነው። ሁለተኛው ኬሚካሉ የሚሟማበት ፈሳሽ፣ ይኸውም ውሃ፣ ስኳር፣ ግሊሰሪንና የመሳሰሉት ናቸው። ገዢው ስለ መጀመሪያው ይጠይቃል፤ ስለ ሁለተኛው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ታላላቆቹ ጥፋቶች የደረሱት ግን በዚሁ በሁለተኛው ክፍል ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት በብሪስቶል ከተማ የሚገኘው የማሰንጊል ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በፈሳሽ መልክ ለመሸጥ አሰበ። የኩባንያው ዋና ኬሚስት ሃሮልድ ዋትኪንስ መድኃኒቱ በዳይኤቲሊን ግላይኮል ውስጥ በሚገባ እንደሚሟማ ተረዳ። የድብልቁ ጣዕም፣ መልክና ሽታ ተመረመረ፤ መርዛማነቱ ግን አልተመረመረም፤ የጊዜው ሕግም ይህን አያስገድድም ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አያሌዎቹ ሕፃናት ነበሩ። መንግሥት ኩባንያውን ሊከስ የቻለው «ኤሊክሲር» የሚለው ስም አልኮል ላለበት ፈሳሽ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ በዚህኛው ውስጥ አልኮል ባለመኖሩ፣ በስያሜ ስሕተት ብቻ ነበር። ከዚህም የተነሣ በ1938 የወጣው ሕግ አምራቹ አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱን እንዲያስረዳ አስገደደ።

ዳይኤቲሊን ግላይኮል ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ በአንዳንድ የፍሬን ዘይትና የሞተር ማቀዝቀዣ ድብልቆች ውስጥ ይገኛል። እንደ ግሊሰሪን ሁሉ ቀለም የሌለው፣ ወፈር ያለና ጣፋጭ ሲሆን ዋጋው ግን ይረክሳል። ዓይንና ምላስ አይለዩትም፤ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ግን ኩላሊትን ያበላሻል።

ሕጉ ከወጣ ከ68 ዓመታት በኋላ፣ በ2006፣ በፓናማ የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት ላቦራቶሪ ያዘጋጀው የሳል ሽሮፕ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ። ላቦራቶሪው የተጠቀመበት ፈሳሽ በ46 በርሜሎች ከቻይና ተነሥቶ በስፔን በኩል የመጣ ሲሆን፣ በወረቀቱ ላይ 99.5 በመቶ ንጹሕ ግሊሰሪን ተብሎ ተጽፎ ነበር። በመካከል የነበሩት ነጋዴዎች ወረቀቱን እየገለበጡ አስተላለፉ እንጂ በርሜሉን ከፍቶ የፈተነ አልነበረም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2007 አምራቾች የሚረከቡትን ግሊሰሪን ሁሉ ለዚህ መርዝ እንዲፈትኑ አሳሰበ።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2022 የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ ስለ ተገኙ አራት የሕፃናት ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዚያች አገር 70 ያህል ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞተዋል። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያና በኡዝቤኪስታንም ተመሳሳይ ኀዘን ደረሰ።

እኛ መሐንዲሶች ብረት ከፋብሪካው የምስክር ወረቀት ጋር ቢቀርብልንም ናሙና ቆርጠን እንፈትናለን፤ ኮንክሪትም በኩብ ተሞልቶ በ28ኛው ቀን ይጨፈለቃል። ይህን የምናደርገው አቅራቢውን ስለ ጠላን ሳይሆን፣ ወረቀት ሸክም ስለማይሸከም ነው። ለመድኃኒት የሚውል ፈሳሽ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግለት አይገባም። ፈተናው ይታወቃል፤ ወጪውም ከጥፋቱ ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው።

ፋብሪካው የሚፈጽመውን ፈተና ተጠቃሚው በቤቱ ሊፈጽመው አይችልም። ሆኖም የራሱ ድርሻ አለው። ሽሮፕ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ ይገዛ፤ ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ የአምራቹ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የሚነበብ ይሁን። መጠኑ አብሮ በሚመጣው መለኪያ እንጂ በወጥ ቤት ማንኪያ አይለካ። ተመሳሳይ ኬሚካል ያለባቸው ሁለት መድኃኒቶች ባንድነት አይወሰዱ። ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥ። ሽሮፕ የወሰደ ልጅ ሽንቱ ቢቀንስ ወይም ቢቋረጥ፣ ጠርሙሱ ሳይጣል ከልጁ ጋር ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ደም የተቀላቀለበት ወይም ትኩሳት ያለበት ሳል በሽሮፕ ሊታለፍ አይገባም። ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ የቆየ ሳልም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያሻዋል፤ ሽሮፕ ሳሉን ቢያቀለው እንኳ ነቀርሳውን አያድነውምና። እንግዲህ ጥንቃቄው የሁለት ወገን ነው፤ አምራቹ በርሜሉን ይፈትን፣ ታማሚውም ሕመሙን ከሐኪም አይደብቅ።