መዝገብ የሌለው እስረኛ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ ስለ ተቀመጠ ብቻውን አይፈርድም። የሚያውቁት ሰዎች ሲጠፉ ምን እንደሚሆን የሩዋንዳ ታሪክ ያስረዳናል።

በዚያች አገር ከመጋቢት 29 ቀን 1986 ዓ.ም. ጀምሮ በመቶ ቀን ያህል ውስጥ ቱትሲዎችና ግድያውን የተቃወሙ ሁቱዎች በብዙ መቶ ሺሕ አለቁ። አስቀድሞ 70 ያህል ከነበሩት ዐቃብያነ ሕግ የቀሩት 12 ብቻ እንደ ነበሩ ይነገራል። የቀሩት ተገድለዋል፤ ተሰደዋል፤ ራሳቸው በግድያው የተካፈሉም ነበሩ።

አዲሱ መንግሥት የተጠረጠረውን ሁሉ ያስር ጀመር። ለ400 ሰው በተሠራው በጊታራማ ወኅኒ ቤት በ1987 ዓ.ም. ከ6,000 በላይ ሰው ታጎረ፤ እስረኛው መተኛ ቦታ አጥቶ ቆሞ ከማደሩ የተነሣ እግሩ የበሰበሰ ነበር። የብዙዎቹ ግን ስማቸው እንጂ መዝገባቸው አልነበረም። ነፍሰ ገዳዩና ጎረቤቱ በመሬት ጠብ ያሳሰረው ንጹሕ ሰው ጎን ለጎን ቆመው ያድሩ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከውጭ አገር የሕግ ሰዎች መጡ። የዜጎች መረብ የተባለ የቤልጅግ ማኅበር መርማሪዎችንና የዐቃቤ ሕግ ሠራተኞችን ያሠለጥን ጀመር። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ሕግ ተምረው የማያውቁ ስለ ነበሩ ትምህርቱ ከሥሩ መጀመር ነበረበት፤ ይኸውም የምስክርን ቃል መጻፍ፥ ያየውን ከሰማው መለየት፥ አስፈርሞ በመዝገብ ማኖር ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላችኋል? እኔ አስተማሪ በነበርሁበት ዘመን አንድ ቀን ቀለም ፈሶ ብጠይቅ ክፍሉ በሙሉ አንዱን ልጅ ጠቆመ። ገረፍሁት። ኋላ አንድ በአንድ ስጠይቃቸው ሁሉም ሰምቶ ኖሯል፤ ያየ አንድም አልተገኘም። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ አላየኝም።

የዘር ማጥፋቱን ወንጀል በአራት ደረጃ የከፈለውና አምኖ ለተናዘዘ ቅጣት የሚያቀልለው ሕግ በነሐሴ ወር 1988 ዓ.ም. ወጣ። የመጀመሪያው ችሎት ታኅሣሥ 18 ቀን 1989 ዓ.ም. በኪቡንጎ ተከፈተ። ሁለት ተከሳሾች ያለ ጠበቃ ቀርበው በጥቂት ቀን ውስጥ ሞት ተፈረደባቸው። ስለዚህ ከሳሽን ብቻ ማሠልጠን እንደማይበቃ ታየ። በዚያው ዓመት ድንበር የለሽ ጠበቆች የተባለው ማኅበር ለተከሳሾችም ለተበዳዮችም የሚቆሙ ጠበቆች ከየአገሩ ያመጣ ጀመር። ዘመዶቹን የቀበረ ሰው ለገዳዩ የሚሟገት ፈረንጅ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት። እንግዶቹ የአገሩን ቋንቋ ስለማያውቁ የምስክሩ ቃል የሚደርሳቸው በአስተርጓሚ ነበር፤ ጥቂት ቆይተውም ወደየቤታቸው ይመለሱ ነበር፤ መዝገቡ ግን ለሩዋንዳ ልጆች ይቀራል።

እስረኛው ከመቶ ሺሕ አልፎ ስለ ነበር ፍርድ ቤቶቹ አልቻሉትም። በ1994 ዓ.ም. ጋቻቻ የተባለው የመንደር ሸንጎ ተጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ሽማግሌዎች፥ ሕመምተኞችና የተናዘዙ ከ20,000 በላይ እስረኞች ለጊዜው ተፈትተው ወደየመንደራቸው ሄዱ። ከእነርሱም መካከል እስከዚያ ቀን ዳኛ ፊት ቀርበው የማያውቁ ነበሩ።