ዘር ቆጥረው ጂን ያስገኙት ናንሲ ዌክስለር

ሽማግሌዎቻችን ጋብቻ ሲታሰብ ዘር የሚቆጥሩት እስከ ሰባት ትውልድ ነው። ዘር ቆጠራ ለአንጎል ምርምርም ትልቅ ነገር እንዳስገኘ ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ናንሲ ዌክስለር በ1945 አሜሪካ ተወለዱ። በ1968 እናታቸው የሀንቲንግተን በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ። በሽታው የአንጎል ሴሎችን ቀስ በቀስ ይገድላል። ሰውነት ሳይታዘዝ ይወራጫል፣ ጠባይ ይለወጣል፣ ማሰብም ይከብዳል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ፣ ሰው ልጅ ከወለደ በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም 50 በመቶ ነው። ስለዚህ ናንሲና እህታቸውም ያሰጋቸው ነበር። አባታቸው ለምርምሩ ድርጅት አቋቋሙ፤ ናንሲም ሥነ ልቦና ተምረው ዕድሜያቸውን ለዚሁ ሥራ ሰጡ።

በቬንዙዌላ፣ በማራካይቦ ሐይቅ ዳር፣ በሽታው የበዛባቸው ድሃ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ነበሩ። ናንሲ በ1979 ወደዚያ ሄዱ፤ ከዚያም ለ20 ዓመት ያህል ተመላለሱ። ሰው ደም ለመስጠት ሲፈራ፣ የእሳቸውም እናት በዚሁ በሽታ እንደሞቱ ነገሩት፤ ራሳቸው ናሙና የሰጡበትንም ጠባሳ ክንዳቸው ላይ አሳዩ። በዚህ መንገድ ከ18,000 በላይ ሰዎች ያሉበት የዘር ሐረግ ተሠራ፤ ከ4,000 በላይ የደም ናሙናም ተሰበሰበ።

በ1983 ጄምስ ጉዜላና ባልደረቦቹ በዚህ ደም እየተረዱ ጂኑ ክሮሞዞም 4 ላይ እንዳለ አሳዩ። ጂኑ ራሱ እስኪገኝ ግን ሌላ 10 ዓመት ፈጀ። በ1993 ሲገኝ ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ በጂኑ ውስጥ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት አንድ ላይ ሆነው ይደጋገማሉ፤ ድግግሞሹ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው ይመጣል።

ከዚያ ወዲህ ማንም በደም ምርመራ ዕጣውን አስቀድሞ ማወቅ ይችላል። የሚያድን መድኃኒት ግን እስካሁን የለም። ናንሲ ራሳቸው በ2020 በሽታው እንዳለባቸው በይፋ ተናገሩ።

ደም መስጠት የመተማመን ጉዳይ መሆኑን የኛ ማኅበረሰብ ያውቃል። በ1996 የለገስነው ደም በስውር ይጣል እንደነበር ሲሰማ ወላጆቻችን አደባባይ የወጡት ለዚሁ ነው። የማራካይቦ ሰዎች ደም አልተጣለም፤ ለዓለም ሁሉ ዕውቀት ሆነ። መንደሮቻቸው ግን ድሃ እንደሆኑ ቀሩ። ከኛ መሀል ነገ ተመራማሪ የሚሆን ካለ፣ ናሙና ሲሰበስብ ለሰጪው ምን እንደሚመልስለት ከመጀመሪያው ያስብበት።