ከአውራ ጣት ወደ ፊርማ

የእድራችን አሮጌ መዝገብ ሲገለጥ በፊተኞቹ ገጾች ላይ ከአባላት ስም አጠገብ የአውራ ጣት አሻራ ይበዛል። ወደ ኋላ ግን አሻራው እየቀነሰ፣ ጠመም ጠመም ያለ የእጅ ፊርማ እየበዛ ይሄዳል። ይህ እንዲያው የመጣ አይደለም፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፍሬ ነው።

ዘመቻው የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። የተማረ ያልተማረውን እንዲያስተምር ታቅዶ መምህራንና ተማሪዎች ተሰለፉ። መጀመሪያ በከተማ፣ ቀጥሎም በገጠር ተካሄደ። የማስተማሪያ ቋንቋዎቹ እየጨመሩ 15 ደረሱ። ፈተናውን ያለፈ ምስክር ወረቀት ይቀበል ነበር። በ1972 ዓ.ም. ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ።

ጉድለትም ነበረበት። ትእዛዙ ከላይ የመጣ ነበርና መማር ግዴታ የሆነባቸው ነበሩ። የባሰው ችግር ግን ከምስክር ወረቀቱ በኋላ መጣ። ድኅረ መሠረተ ትምህርት ቢታቀድም የሚያነቡት ያጡ ሰዎች ፊደሉን መልሰው ረሱት።

እኛስ? አንድ ሥራ ስንጀምር በመክፈቻው ቀን ድንኳኑ ይሞላል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። ታዲያ በሦስተኛው ወር ማን ይመጣል? ስለዚህ ዕቅድ ስናወጣ «ማን ይክፈተው?» ከማለታችን በፊት «ማን ይከታተለው?» እንበል። በመዝገባችን ያሉት እናቶች ፊርማቸውን ሳይረሱ የቀሩት እኮ እድሩ በየወሩ ያስፈርማቸው ስለነበር ነው።