የሴንት ሉዊስ ተከራዮች አቤቱታ

ሰው ሲሸመግል አገሩ እየጠበበበት ይሄዳል። በጎልማሳነት ዘመኑ ቆላውንና ደጋውን ያካለለው እግር በስተርጅና የሚለካው ካልጋው እስከ ደጃፉ፣ ከደጃፉም እስከ ገበያው ያለውን መንገድ ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ አገር ውስጥ ጣራው ሲያፈስ፣ ቧንቧው ሲፈነዳ፣ ማሞቂያው ሲጠፋ፣ ለወጣቱ ጥቂት መጉላላት የሆነው ነገር ለሽማግሌው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆንበታል። የቤቱ ባለቤት ራሱ መንግሥት የሆነ እንደ ሆነ ታዲያ አቤት የሚባለው ለማን ነው? በሰሜን አሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት፣ የሴንት ሉዊስ ከተማ ተከራዮች ይህንን ጥያቄ በ1969 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአደባባይ ጠየቁ።

ነገሩን ለመረዳት ወደ 1937 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የወጣው የቤቶች ሕግ ለድኆች የሚሠራውን ቤት የግንባታ ዕዳ የፌዴራሉ መንግሥት እንዲከፍል፣ ቤቱን የማስተዳደርና የመጠገን ወጪ ግን ከተከራዮቹ ኪራይ እንዲሸፈን አደረገ። አሳቡ ሲታይ መልካም ነበር። ቤቱ አዲስ፣ ተከራዩም ሠራተኛ ሳለ ሒሳቡ ተቃንቶ ሄደ። በኋላ ግን የተሻለ ገቢ ያለው ወደ ሌላ ሰፈር እየሄደ በቤቱ የቀረው ደኻው ሆነ፤ በ1956 የወጣው ሕግም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በነዚህ ቤቶች እንዲከራዩ ስለ ፈቀደ፣ ከጡረታ አበል በቀር ሌላ ገቢ የሌላቸው ሰዎች ገቡባቸው። ሕንፃው ባረጀ ቁጥር የጥገናው ወጪ ይጨምራል፤ ተከራዩ በደኸየ ቁጥር ደግሞ የሚከፍለው ያንሳል። በዚህ መካከል የተያዘው ያገሩ የቤቶች አስተዳደር ያገኘው መላ ጥገናውን ማዘግየትና ኪራዩን መጨመር ነበር።

በሴንት ሉዊስ ከነበሩት ቤቶች ሁሉ ስሙ የገነነው ፕሩት አይጎ ነው። ሚኖሩ ያማሳኪ የተባለው ስመ ጥር አርኪቴክት የነደፋቸው፣ እያንዳንዳቸው 11 ፎቅ ያላቸው 33 ሕንፃዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ተከራዮች የገቡባቸው በ1954 ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል አሳንሰሩ በየሦስት ፎቁ ብቻ እንዲቆም ተደርጎ ስለ ተሠራ፣ በመካከለኞቹ ፎቆች የሚኖር ሰው የቀረውን በደረጃ መጓዝ ነበረበት። ፕላኑን ከነደፉት ሰዎች ጉልበቱን የሚያመውን ሽማግሌ ያማከረ ያለ አይመስለኝም። አሳንሰሩ ከነጭራሹ ሲበላሽ ደግሞ፣ እርሱም ዘወትር ይበላሽ ነበር፣ ከላይ ያለው ሰው ወይ እንደ ታሰረ ይውላል፣ ወይም እቃውን ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣል። በነዚህ ሰፈሮች የሚበዙት ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች ቢሆኑም፣ የጡረተኞቹ ድርሻ በችግሩ ከማንም አያንስም ነበር፤ ኪራዩ ሲጨምር ገቢው የማይጨምር ሰው ጡረተኛው ነውና።

በየካቲት ወር 1969 በከተማይቱ የሕዝብ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ተከራዮች ኪራይ አንከፍልም ብለው አደሙ። ከመሪዎቹ መካከል ዣን ኪንግ የተባለችው ተከራይና ቄስ ባክ ጆንስ ይገኙ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው አደማቸው ገንዘቡን ለማስቀረት አለመሆኑ ነው፤ ኪራዩን ለአስተዳደሩ መስጠቱን ትተው ለብቻው ያስቀምጡት ነበር። የጠየቁትም ኪራዩ ከቤተ ሰቡ ገቢ ከመቶ 25 እንዳይበልጥ፣ ቤቱ እንዲጠገን፣ በአስተዳደሩም ውስጥ ድምፅ እንዲኖራቸው ነው። አድማው ዘጠኝ ወር ያህል ቆየ። አስተዳደሩ ካዝናው ሊራቆት በተቃረበ ጊዜ የሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበረው ሃሮልድ ጊበንስ ከመካከል ገብቶ፣ በጥቅምት መጨረሻ ስምምነት ተደረገ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ የማሳቹሴትስ ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ያቀረበው ማሻሻያ በሕግ ጸደቀና የከመቶ 25ቱ ወሰን ላገሪቱ የሕዝብ ቤቶች ሁሉ ደንብ ሆነ።

ይሁን እንጂ ድሉ ጐደሎ ነበር። ኪራዩ ሲቀንስ የጥገናው ገንዘብ አብሮ ቀነሰ፤ ጉድለቱን ይሞላል የተባለው የፌዴራሉ ድጎማም ዘገየ፣ መጠኑም አልበቃም። ተከራዩ በገንዘቡ እፎይ ሲል ጣራው እንደ ፊተኛው ማፍሰሱን ቀጠለ። እኔ በዚህ ተከራዮቹን አልወቅስም፤ ሕጉ ሲጻፍ ኪራዩንና ጥገናውን ባንድነት ማሰብ የነበረበት ሌላ ሰው ነው። በ1970 በዋሺንግቶን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ስኬሊ ራይት በአንድ የግል አከራይ ጉዳይ፣ ኪራይ የሚከፈለው ለመኖሪያ ለሚበቃ ቤት እንደ ሆነና አከራዩ ሳይጠግን ሙሉ ኪራይ ሊጠይቅ እንደማይገባው ፈረደ። ይህ ፍርድ ለብዙ ተከራዮች መከራከሪያ ሆነ።

ፕሩት አይጎን ግን ማንም አላዳነውም። በመጋቢት 1972 የመጀመሪያው ሕንፃ በፈንጂ ፈረሰ፤ የቀሩትም በ1976 ተፈጽመው ጠፉ። የብሩክ ሕግ ከሕንፃዎቹ በኋላ ኖረ። በ1981 ወሰኑ ከ25 ወደ 30 ከመቶ ከፍ አለ፤ በአሜሪካ የሕዝብ ቤት የሚኖር አረጋዊ ዛሬም ኪራዩ ባብዛኛው የሚሰላለት በዚሁ ነው።