ሃምሳ ጫማ ታስቦ አርባ የሆነ ደጃፍ

ሮም በሄድሁ ቁጥር ሻንጣዬን አስቀምጬ መጀመሪያ የምገሰግሰው ወደ ጥንታዊው ቤተ መቅደስ፣ ወደ ፓንቲዮን ነው። ብዙ ሰው የሚጓጓው ውስጡን፣ ያን ትልቅ ጉልላት ለማየት ነው። እኔን የሚይዘኝ ደጃፉ ነው። አክሱም ነው ያደግሁት፤ አንድ ወጥ ድንጋይ ቆሞ ካየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ደጃፉን 16 ምሰሶዎች ተሸክመውታል፤ 8ቱ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላቸው በሁለት ረድፍ። የአንዱ ግንድ 12 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መጋጠሚያ የሌለው አንድ ድንጋይ ነው። ከፊት ያሉት በአብዛኛው ግራጫ ናቸው፤ ጠጋ ብለው ሲያዩአቸው ጤፍ የተነሰነሰባቸው ይመስል ጥቁር ነጠብጣብ አላቸው። የተፈለጡት ሞንስ ክላውዲያኖስ ከሚባል፣ በዓባይና በቀይ ባሕር መካከል በረሃ ላይ ካለ የድንጋይ ካባ ነው። በዚያ በቁፋሮ የተገኙ በሺህ የሚቆጠሩ ጽሑፍ ያለባቸው የሸክላ ስብርባሪዎች ስለ ሠራተኞቹ ስንቅ፣ ውኃና ደመወዝ ይናገራሉ። ድንጋዩ በረሃውን አቋርጦ ዓባይ ይደርስና ከዚያ በጀልባ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ያን ሸክም ያወረደው ውኃ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የሄደ መሆኑን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

በንጉሠ ነገሥት ሀድርያን ዘመን ከግብፅ የተጻፈ አንድ የፓፒረስ ደብዳቤ አለ። ባለ 50 ጫማ ምሰሶ ለማውረድ ብዙ እንስሳት ተሰብስበዋል፤ ገብሱ ግን ሊያልቅ ነውና ቶሎ ላኩልን ይላል። የፓንቲዮን ምሰሶዎች በሮማውያን ጫማ 40 ናቸው። ከደጃፉ ክዳን በላይ፣ ከኋላ ባለው የጡብ ግድግዳ ላይ፣ ሌላ ከፍ ያለ የሦስት ማዕዘን ክዳን መስመር ይታያል። አንዳንድ አጥኚዎች መጀመሪያ የታሰበው ባለ 50 ጫማ ደጃፍ እንደነበርና ድንጋዩ ሳይደርስ ቀርቶ በአጭሩ እንደተሠራ ያስረዳሉ። ያን መስመር ባየሁ ቁጥር አምናቸዋለሁ።

በደጃፉ ግንባር ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ሮማዊው ሹም አግሪጳ ሠራው ይላል። እሱ የሠራው ግን ተቃጥሏል፤ ይኸኛው የተፈጸመው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሀድርያን ነው። እኔ መዳፌን ግራጫው ድንጋይ ላይ ሳሳርፍ ትዝ የሚለኝ አግሪጳም ሀድርያንም አይደለም፤ ለደከሙ እንስሳት ገብስ የለመነው ያ ሰው ነው።