ባታችን እንዴት ያራምደናል? ቀኑን ሙሉ ቆመው ለሚሠሩ እህቶች

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን በቤት ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶች፣ ማታ ላይ «ባቴን ይቆረጥመኛል፣ እግሬ ከበደኝ» ማለት የተለመደ ነው። ባት ግን ክብደት መሸከም ብቻ አይደለም ሥራው፤ እንዳንወድቅም ይጠብቀናል።

ባት ምን ይሠራል?
ባት ከጉልበት በታች፣ ከኋላ በኩል ያለው ጡንቻ ነው። በወፍራም ጅማት ከተረከዝ ጋር ተያይዟል። ስንራመድ ሰውነታችን በረገጥነው እግር ላይ ወደ ፊት ሲያልፍ ባት እየተለጠጠ እንዳንደፋ ይይዘናል። ከዚያ ተረከዛችንን አንስቶ ወደ ፊት ይገፋናል።

ሳናስበው የሚመጣው ምላሽ
በባት ውስጥ የጡንቻውን መለጠጥ የሚከታተሉ ጥቃቅን አካላት አሉ። ድንገት ጉድጓድ ብንረግጥ ወይም ደረጃ ቢያመልጠን መልእክቱ በነርቭ ወደ ሕብለ ሰረሰር ሄዶ ትእዛዝ ይዞ ይመለሳል። የመጀመሪያው ምላሽ ከአንድ ሰከንድ 20ኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ አንጎል ገና አላሰበበትም። ሐኪም ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት በጎማ መዶሻ መታ የሚያደርገው ይህንን ለማየት ነው። የውስጥ እግር ቆዳም ወለሉ እንዴት እንደሆነ ይናገራል፤ ጅማቱ ደግሞ ምን ያህል ክብደት እንዳረፈበት።

ምን ያዳክመዋል?
ድካም አንዱ ነው፤ የዛለ ባት ሚዛን አይጠብቅም። ስኳር በሽታ የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ስሜት ይቀንሳል። እርጥብ ሴራሚክ ላይ በላላ ነጠላ ጫማ መሄድ ደግሞ አደጋውን ያብሰዋል።

ምን ይደረግ?
• ባት ሲንቀሳቀስ ደምን ወደ ልብ ይገፋል። ስለዚህ ስትተኩሱ ወይም ዕቃ ስታጥቡ ዝም ብላችሁ አትቁሙ፤ ጠረጴዛ ይዛችሁ ተረከዛችሁን 10 ጊዜ አንሱ፣ አውርዱ።
• ከኋላ የሚያዝ፣ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ።
• ማታ እግራችሁን ትራስ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉ።

ችላ የማይባል ምልክት
አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል አትሹት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ወዲያው 998 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። እግር ሲደነዝዝ ወይም ድንገት አልታዘዝ ሲልም መታየት አለበት።

መብታችሁ
እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግና በደንቡ መሠረት በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት እረፍት አላችሁ፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ተከታታይ መሆን አለባቸው። በሳምንትም አንድ የእረፍት ቀን አለ። የጤና ኢንሹራንስ በዱባይ ቀድሞም ግዴታ ነበር፤ በሻርጃና በአጅማን ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ መኖሪያ ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲታደስ ይጠየቃል። ወጪው የአሠሪ ነው። ማዳም «ነገ ትሄጃለሽ» እያለች ካቆየቻችሁ ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ በ600590000 መደወል ይቻላል።